አባዬ የሚስጥር ቁጥሩን ራሱ መምታት ይፈልጋል። ስልኩን አማርኛ የሚያናግረው ምንድን ነው?

የመምህሩ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ዓይኑን የወሰደበት ግላኮማ ነው። ከዳር ከዳር እየበላው ሄዶ አሁን የሚለየው አምፖል መብራቱንና መጥፋቱን ብቻ ነው።

ድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረው። 5 ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት በአውራ ጣቱ ይፈልግና ከሷ ተነስቶ የሁላችንንም ቁጥር በቃሉ ይደውል ነበር። ያ ስልክ ተበላሸ። ወንድሜ ከዱባይ ደህና ስማርት ስልክ ላከለት። አባዬ በእጁ ዳበሰው፣ ዳበሰውና "ብርጭቆ ነው እኮ የላካችሁልኝ" አለ።

ጡረታው ባንክ ይገባል። ከዛ ላይ በየወሩ መንዝ ላለች አክስቴ ይልካል። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ነበር የሚመታለት። ሚስጥር ቁጥሩንም ነግሮታል፣ ምን ያድርግ? አንድ ወር ሂሳቡ አልገጠመለትም። 1,500 ብር ጎደለው። ልጁ ይሁን፣ እሱ ራሱ የረሳው ወጪ ይኑር፣ እስከዛሬ አናውቅም። ማንንም አልከሰሰም። ከዛን ቀን ወዲህ ግን ስልኩን ለማንም አይሰጥም። ባጃጅ ይዞ ባንክ ይሄዳል፣ ሰልፍ ይቆማል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሠራተኛዋ ቀሪ ሂሳቡን ጮክ ብላ ትነግረዋለች። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ባለፈው አብሬው ነበርኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ "ደሞዜን ለእናትሽ እንኳን በጆሮዋ ነበር የምነግራት" አለኝ።

ይቺ ንግግሩ ናት እዚህ ያመጣችኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነበውን፣ ቶክባክ የሚባለውን ከፍቼለት ነበር። እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ያውም እየሮጠ። አማርኛ ጽሑፍ ሲያገኝ ዝም ይላል። የባንኩን አፕ ስከፍትለት ደግሞ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር "አንሌብልድ፣ አንሌብልድ" ይላል። አማርኛ የሚናገርበት መንገድ አለ? በዚህ ዕድሜስ ይለምደዋል? የምታውቁ እባካችሁ።

ነጭ ዘንግ

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ያበርታልሽ። ጥያቄሽን ሁለቴ አዳመጥኩት። አዳመጥኩት ያልኩት ስልኬ አንብቦልኝ ነው። በሰባት ዓመቴ በኩፍኝ ዓይኔን ያጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ደሴ ሲቪክስ አስተምራለሁ። ስልክ ላይ ቶክባክ፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያነብልኝን ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ኤንቪዲኤን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ሁለቱም ዓይነ ስውራን። በነፃ ነው የሚሰጡት። እነሱ ባይኖሩ ዲግሪዬን እንዴት እንደምጨርስ አላውቅም።

መጀመሪያ ድምፁን እንጨርስ። ፕሌይ ስቶር ላይ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለውን አውርጂ። አማርኛ ያነባል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከዛ ሴቲንግ ውስጥ "ቴክስት ቱ ስፒች" የሚለው ጋ ገብተሽ እሱን ምረጪ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊው። የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ የምትቀይሪው ይሄ ካለቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። አማርኛ የሚናገር ድምፅ ሳታስገቢ ቋንቋውን ከቀየርሽው ስልኩ ጭራሽ ዝም ሊልባችሁ ይችላል። ደግሞ የቶክባክን አቋራጭ አብሪው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ሲይዟቸው ይከፈታል፣ ይጠፋልም። ጎረቤት ነካክቶ ቢያጠፋባቸው ራሳቸው ይመልሱታል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ድምፁ የሰው ድምፅ አይደለም። ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከዛ በላይ የሚያስቸግረው የአማርኛ መጥበቅና መላላት ነው። በጽሑፍ ስለማይታይ ማሽኑ ይገምታል፣ ብዙ ጊዜም ይስታል። "ይሰማል" የሚለውን ቃል ውሰጂ። ሰውየው ይሰማል? ወይስ ድምፁ ይሰማል? አንቺ ከዓረፍተ ነገሩ ታውቂዋለሽ፣ እሱ አያውቅም። "ገና" ሲልም በዓሉ መድረሱ ይሁን ወይ "ገና ነው" ማለቱ፣ እኔ ነኝ የምለየው። መጀመሪያ ሰሞን ራስ ያዞራል። ሁለት ሳምንት ታገሱት። ጆሮ እየሰማ ራሱ ማረም ይጀምራል። ፍጥነቱን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ዝቅ አድርጊላቸው።

ስለ ዕድሜያቸው አታስቢ። እኔ ያስለመድኳቸው የ71 ዓመት ቄስ አሉ። ዛሬ ጠዋት እንኳን በቴሌግራም ድምፅ ልከውልኛል።

ብርጭቆ ነው ማለታቸው ልክ ነው። የሚዳሰስ ነገር የለውም። ስለዚህ ቦታ ነው ማስተማር ያለብሽ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው አላልሽም? ስልኩን እንደ ካርታ አስይዣቸው። መደወያውን ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ አድርጊው፣ መልእክቱን ደቡብ ምሥራቅ፣ ሰዓቱን ሰሜን። ሌላውን አፕ በሙሉ ከፊት ገጹ አንሺው። የስልኩ ጥግ በጣት ይታወቃል፣ መሃሉ ነው ባሕር የሚሆነው። አንዴ ሲነኩት ስሙን ይናገራል፣ አይከፍተውም። ሁለቴ መታ መታ ሲያደርጉ ይከፈታል። የትም ቦታ ቢመቱት ግድ የለም፣ የሚከፈተው መጨረሻ የሰሙት ነው። ይሄን አንድ ነገር እስኪያምኑት ድረስ ወደ ሌላ አትለፊ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። በትክክል መምታት አለብኝ ብሎ እየፈራ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያውን ሳምንት መደወልና ስልክ ማንሳት ብቻ ይለማመዱ። ባንኩ ይቆይ።

ወደ ሚስጥር ቁጥሩ ልምጣ። እኔም እንደ አባትሽ ነበርኩ። ኤቲኤም ላይ ጥበቃው ነበር የሚመታልኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ አንድ ቀን እንኳን አልበደለኝም። ግን ደሞዜን፣ ያወጣሁትን፣ የቀረኝን ሁሉ ያውቃል። አንዴ ለልጄ ሕክምና ብዙ ብር አውጥቼ ሳልፍ "ምነው ጋሼ፣ በሰላም ነው?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ ከውስጤ አልወጣም። ሚስት ሳታውቀው ጥበቃ ያወቀው ጉዳይ ሆነ።

ቶክባክ ጣታቸው ያረፈበትን ቁጥር ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አንድ ጆሮ ላይ ኢርፎን የግድ ነው። ሌላው ጆሮ ለመንገድ ይቀራል። ቶክባክ ሜኑ ውስጥ ደግሞ ስክሪኑን የሚደብቅ አለ። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ስልኩ ግን ይሠራል። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ምንም አያይም። ይሄን ስትነግሪያቸው ደስ እንደሚላቸው እገምታለሁ። እኔ ባወቅኩ ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የግል መልእክቴን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ።

የባንኩ አፕ እስኪስተካከል በ*127# ቴሌብርን ይሞክሩ። ስዕል የለውም፣ ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ነው፣ ቶክባክ ጥርት አድርጎ ያነበዋል። አንድ ክፉ አመል አለው። ቀስ ብለው ሲያዳምጡ ሰዓቱ ያልፍና ይዘጋል። መፍትሔው የምርጫዎቹን ቁጥር በቃል መያዝ ነው። አንቺ ወረቀት ላይ አውጪላቸውና አንብቢላቸው። የአገሩን ወንዝ ሁሉ ከነገባሩ በቃላቸው የያዙ ሰው ይሄ አይከብዳቸውም። የካርድ ነገርም በዚሁ ይገላገላሉ። ካርድ ፍቄ "ቁጥሩን አንብቡልኝ" እያልኩ መንገደኛ የለመንኩበትን ዘመን አልረሳውም።

ዜና ማንበብ ከፈለጉ የማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘርን አስገቢላቸው። ጮክ ብሎ የሚያነብበት አለው። አመሃ እና መቅደስ የሚባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት። እነሱ ለሰው ድምፅ በጣም ይቀርባሉ። ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ስልኩን በሙሉም አያንቀሳቅሱም፣ ግን ረጅም ጽሑፍ ለማዳመጥ እኔ መቅደስን ነው የምመርጠው። መጻፍ ሲፈልጉ ደግሞ በጉግል ኪቦርድ ላይ ማይኩን ነክተው ቢናገሩ በአማርኛ ይጽፍላቸዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ሆዴ ውስጥ ስላለ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ማስታወቂያ የሚወጣው በቴሌግራም ነው። ደብዳቤው ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። የኔ ስልክ "ፎቶ" ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ሰው "እሺ፣ ደርሶናል" እያለ ሲመልስ ምን እንደደረሳቸው አላውቅም። ፎቶውን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭኜ በጉግል ዶክስ ስከፍተው ጽሑፉን ያወጣልኛል፣ ማኅተም ያረፈበት መስመር ላይ ሲደርስ ግን ይንተባተባል። ብዙ ጊዜ ማኅተሙ ያረፈው ቀኑ ላይ ነው። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የድሮ ፋይሎችም እንደዛው ናቸው። በዓይን አማርኛ ይመስላሉ፣ ከሥር ግን የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በሚጋራው የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ እኮ ቆየ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እባካችሁ፣ ግሩፕ ላይ ደብዳቤ የምትለጥፉ ሰዎች፣ ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር ጻፉልን። መቼ፣ የት፣ ማን እንደሚፈለግ ብቻ።

ሰብለ ዘአያት

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ልጅ እያላቸው ለምን ይቸገራሉ? አንቺ ስልክሽ ላይ ሂሳቡን ክፈቺውና ላኪላቸው። እናቴን እንደዛ ነው የማደርጋት። ዓይኗ ደህና ሆኖ እንኳን አትነካውም። ሽማግሌ ሰው በዚህ ማስጨነቅ ጥሩ አይመስለኝም።

የመምህሩ ልጅ

ሰብልዬ፣ አስቤው ነበር። እምቢ አለ። ለአክስቴ ምን ያህል እንደሚልክ እኔ እንዳውቅ አይፈልግም። አንዳንዴ ከሚችለው በላይ ይልካል መሰለኝ፣ እንድቆጣውም አይፈልግም። ገንዘቡ የሱ ነው። ልክ ነው ብዬ ተውኩት።

ምልክት

መስማት የተሳነኝ ነኝ። ርዕሱ የዓይነ ስውራን ቢሆንም ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ ነው። የባንክ ካርዴ ተቆለፈብኝና በጽሑፍ አመለከትኩ። "ለማረጋገጥ እንደውልልዎታለን" የሚል መልስ መጣ። አልሰማም ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ደወሉ። እህቴ አንስታ "እሱ መስማት አይችልም፣ ጻፉለት" ስትላቸው "ከባለቤቱ ጋር ካልሆነ አናወራም" አሏት። አንድ ቀን ሙሉ ከሥራ ቀርቼ ቅርንጫፍ ሄጄ ነው ያስከፈትኩት። በአካል መታወቂያዬን ካዩ በኋላ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ኮድ ጻፊው

አፕ ነው የምሠራው፣ የክፍያ አፕ። የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም።

"አንሌብልድ" ማለት ቁልፉ ስዕል ብቻ ነው ማለት ነው። ለዓይን የወረቀት አውሮፕላን ታያለሽ፣ "ላክ" ማለት እንደሆነ ይገባሻል። ለስክሪን ሪደር ግን ከስዕሉ ጀርባ ቃል መጻፍ አለበት። አንድሮይድ ላይ ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን ይባላል፣ ፍላተር በሚባለው የአፕ መሥሪያ ለምትሠሩ ሴማንቲክ ሌብል ነው። አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር እኛም አልጻፍነውም ነበር። አንድ ደንበኛ ቢሮ ድረስ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ጣቱን እየጎተተ አሰማኝ። "ቁልፍ፣ ያልተሰየመ። ቁልፍ፣ ያልተሰየመ።" ከላይ እስከ ታች እንደዛ ነው። ከዛ "የትኛው ነው ላክ፣ የትኛው ነው ሰርዝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ለመሰየም አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። ሰዎች በዛ አፕ ለሁለት ዓመት ሲቸገሩ ኖረዋል። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የሚስጥር ቁጥር ሰሌዳው የባሰ ነው። ለደኅንነት ተብሎ የራሳችንን ሰሌዳ እንሠራለን፣ ቁጥሮቹንም በየጊዜው እናደባልቃቸዋለን። ሰሌዳው ከተሰየመ ዓይነ ስውር ሰው እያዳመጠ ያገኛቸዋል፣ ቢዘገይም። ካልተሰየመ በቃ፣ የሚገባበት በር የለውም።

አሁን ምን ታደርጊ? ቶክባክ ላይ ያልተሰየመ ቁልፍ ላይ ቆመሽ ሜኑውን ስትከፍቺ ራስሽ ስም እንድትሰጪው የሚፈቅድ አለ። አንዴ "ላክ" ብለሽ ከጻፍሽለት ከዛ በኋላ እሱን ነው የሚያነበው። ሁሉም አፕ ላይ አይሠራም፣ ሠሪዎቹ ለቁልፉ መለያ ሰጥተውት መሆን አለበት። ሞክሪው።

ለባንኩም ጻፊ። ግን ደብዳቤ ብቻ አትላኪ። አባትሽ ሲጠቀሙ በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጺያቸው፣ ድምፁ በደንብ ይሰማ። አብዛኛው ፕሮግራመር ቶክባክ ሲናገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። እኔም ሰውዬው እስኪመጣ አልሰማሁም ነበር። አለቆችም ካሉበት ይሄን ጨምሪበት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ከሕንፃና ከትራንስፖርት ጋር የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን በስም ይጠቅሳል። እንደ ውለታ አትለምኛቸው።

የመምህሩ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ አስለመድኩት። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። እኔም አለቀስኩ፣ እሱ አላየኝም ብዬ ነበር፣ ድምፄን ግን ሰምቷል። ሁለተኛው ቅዳሜ ስደርስ የካርታው ነገር ገብቶታል። "ደቡብ ምሥራቅ ላይ ማን ነው የጻፈልኝ?" ይለኛል። ድምፁን ደግሞ እንደ ተማሪ ያርመዋል። ማሽኑ አጥብቆ ሲያነብ "ላላ! ላላ አድርገህ!" ይለዋል፣ ቾክ የያዘ ይመስል ጣቱን እያወዛወዘ።

ያለፈው እሁድ እኔ ጓዳ ቡና እየቆላሁ ነበር። ሳሎን ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ኢርፎኑን አንድ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ እንደዛም ሆኖ ስልኩን ጋቢው ሥር ደብቆታል። ምን እየሠራህ ነው አልኩት። "አትምጪ" አለኝ። ቡናው እያረረብኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ስልኬ ጮኸ። 50 ብር ደርሶኛል። ከአባዬ ስም።

ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ሁለት ጊዜ ሰዓት አልፎበት ተዘግቶበታል፣ በሦስተኛው ነው የላከው። ለአክስቴ ስንት እንደላከ አልጠየቅኩትም።

የባንኩ አፕ ግን እንዳለ ነው። ቪዲዮውን ቀርጬ ላክሁ። "ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል" የሚል መልስ መጣ። በየሳምንቱ እጽፋለሁ።

ነጭ ዘንግ ወንድሜ፣ አባዬ አንድ ጥያቄ ልኮኛል። ንባቡ በጣም ዘገየብኝ እያለ ነው። እኔ ሳልኖር ፍጥነቱን ራሱ የሚጨምርበት መንገድ አለ?

ነጭ ዘንግ

አለ። ሦስት ጣት አንድ ላይ ስክሪኑ ላይ አድርገው ወደ ታች ይጥረጉ። "የንግግር ፍጥነት" እስኪል ድረስ ይደጋግሙት። ከዛ በአንድ ጣት ወደ ሰሜን።